ዳቦ ማሳደር

እናቴ ዳቦ ማሳደር ታውቅበት ነበር። መጋገሩንማ የሰፈራችን ሴቶች ሁሉ ይችሉታል፤ የእሷ ዳቦ ግን ሳምንት ተቀምጦም ደህና ነው። ቧንቧ ውሃ ያለው ቤታችን ፍሪጅ አልነበረውም፤ የደሴ ብርድ ግን ነበረው። ዳቦው ከእሳት እንደወጣ ሰፌድ ላይ ታስቀምጠውና ትኩሳቱ እስኪወጣለት ማንንም አታስነካም። በደንብ ሲበርድ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ መሶብ ውስጥ ትከተዋለች። ጨርቁ ለዳቦ ብቻ ነው፤ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ስትቆርስ ከዳር አትጀምርም። መሃሉን ሰንጥቃ የምንበላውን ካወጣች በኋላ ሁለቱን ግማሾች እንዳይደርቁ ፊት ለፊት ታጋጥማቸዋለች። ከሱቅ በፌስታል የመጣ ዳቦ ካየች ቶሎ ታወጣዋለች። «ፌስታል ዳቦ ያስለቅሳል» ትላለች፣ ከውስጥ ያወረደውን ላብ እያሳየችን። ጥቂት የሻገተ ስታገኝ ደግሞ ቦታውን ፍቆ መብላት የሚባል ነገር የለም። ሻጋታ ሥር አለው ብላ ሙሉውን ታስወግደዋለች። የከተማችን ዩኒቨርሲቲ ገና አዲስ ሳለ ገብቼ ይህንኑ ስማረው እንግዳ አልሆነብኝም።

ተመርቄ ኮምቦልቻ ሥራ ስይዝ ብቻዋን ደሴ ቀረች። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ያለኋት እኔ አንድ ሴት ልጇ ብቻ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እሷ ዘንድ አድራለሁ፤ እሑድ እመለሳለሁ።

አንድ የክረምት እሑድ ጠዋት ጎረቤታችን መጡ። ከእናቴ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። እሳቸው ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ስለሆንን ሥጋ አንጋበዝም፤ ዳቦ ግን ከቤት ቤት ሲመላለስ ነው የኖረው። እናቴ ሻይ ቀዳችና ዳቦውን ከጨርቁ ፈትታ ቆረሰችልን።

የደረሰኝን ቁራሽ ገልበጥ ሳደርገው ከሥሩ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር አየሁ። ጎረቤታችንም የራሳቸውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። በሰው ፊት መናገር የሚከብደኝ ነኝና አንገቴን ደፋሁ።

«ብሉ እንጂ» አለች እናቴ።

«ምኑን ልብላው?» አሉ ጎረቤታችን። «አንች ሴትዮ፣ ለእኔ ሲሆን ነው መሰል ድንጋይ የምትጋግሪው። ጥርሴን ጨረሽው።»

«ጥርስ ነበረሽ እንዴ?»

«ሁለት ነበሩኝ፤ አንዱን ያለፈው ዳቦሽ ወሰደው።»

እናቴ ሳቀች። ጎረቤታችን ቁራሻቸውን ቀስ ብለው ከሻርፓቸው ሥር ደበቁት፤ እኔም እንድደብቅ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ነገሩ በዚያው የሚያልፍ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ግን ሳቋን አቋረጠች። ፊቷን ወደ እኔ አዙራ የምታዳምጥ መሰለች።

«ማንም አላኘከም» አለች። «ምን ሆኗል?»

በመጨረሻ እኔ ተናገርኩ። «እማ፣ ሻግቷል።»

«የቱ ጋ?»

ይህን ስትል የራሷን ቁራሽ በእጇ ይዛለች። በመስኮቱ ብርሃን አረንጓዴው እኔ ከተቀመጥኩበት ድረስ ይታያል። ተነሥቼ ጣቷን ያዝኩና ቦታው ላይ አሳረፍኩት። አሸት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው።

«ጥላ መስሎኝ ነበር» አለች። «ሰሞኑን ሁሉም ነገር ላይ ጥላ አለ።»

«አላህ ያሽርሽ» አሉ ጎረቤታችን በቀስታ። ያን ቀን ሌላ ቀልድ አልተቀለደም።

ዓይኗን ላሳይ ወሰድኳት፤ ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን። የአንደኛው ዓይኗ ብርሃን ከሞላ ጎደል ሄዷል፤ ሁለተኛውም ደክሟል፤ ያዘዘላት ጠብታ የቀረውን ለማቆየት እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ስንወጣ እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቤቴን መያዝ እችላለሁ?» አለችኝ። ወደ ኮምቦልቻ ልወስዳት እንደማስብ ገብቷት ነበር።

ጎረቤታችን እንድትቀር ለመኗት። «ወላሂ፣ ጠዋት ጠዋት ብቅ እላለሁ። መሶብሽን ከፍቼ ደህናውን ደህና፣ የተበላሸውን የተበላሸ እልሻለሁ። ምን ቸገረኝ?»

«የራሴን ዳቦ ሰው እያየ ሊነግረኝ?» አለች እናቴ። «እሱማ የማን ቤት ይባላል?»

በክፉ አልተለያዩም። እናቴ ግን ከዚያ ወዲያ አልጋገረችም። ክረምቱ ሲወጣ ቤቱን አከራይታ ከእኔ ጋር ወረደች።

ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ ዳቦ አያድርም። በየጠዋቱ ለዕለቱ የሚበቃንን ብቻ እገዛለሁ። ትኩስ ነው፤ ምንም ሊሆን አይችልም። እሷ ግን ከመጉረሷ በፊት ወደ እኔ ትዘረጋዋለች። አገላብጬ አየውና «ደህና ነው» እላታለሁ፤ ከዚያ ትበላለች። ማሽተት ትችላለች፤ ጣቶቿም እርጥቡን ከደረቁ ከእኔ በፊት ይለያሉ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን ራሷን ማመን ትታለች። ላስረዳት ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ታዳምጠኛለች፣ ልክ ነሽ ትለኛለች፣ በማግስቱ ደግሞ ትዘረጋዋለች።

አንድ ቀን ሥራ ረፍዶብኝ ዳቦና ሻዩን ፊቷ አስቀምጬ ሮጥኩ። ለምሳ ስመለስ ሻዩ ተጠጥቷል። ዳቦው ከነሳህኑ ጭኗ ላይ ነው፤ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍናዋለች።

«ምነው እማ፣ አልራበሽም?»

«ርቦኛል» አለች፣ ሳህኑን ወደ እኔ ከፍ አድርጋ። «አላየሽልኝም እኮ።»

ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ተቀበልኳትና በሩ ጋ ወደ ብርሃኑ ወስጄ አየሁት።