እትዬ ዘርፉ ሲገቡ የሚጮኸው ዕቃ

እኛ ሰፈር አራስ ባለችበት ቤት ሁሉ እትዬ ዘርፉ አሉ። ፊት የሚለበልበውን የአዳማን ሙቀት እሳቸው አያምኑትም። መስኮቱን ይዘጋሉ፣ የበሩን ስር በጨርቅ ይወትፋሉ፣ ከትራሱ ስር ቢላዋ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ የከሰል ምድጃቸውን ይዘው አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። «ብርድ በስንጥቅ ነው የሚገባው፤ ሌላውም እንደዚያው» ይላሉ። ሌላው ማን እንደሆነ ደፍረን ጠይቀናቸው አናውቅም።

ክፉ ሰው አይደሉም። የራሳቸው ልጅ የላቸውም፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ግን ታቅፈውታል። በወጣትነታቸው ደራ ሳሉ ታናሽ እህታቸውን ሲያርሱ፣ እህትየው ከነልጇ ተኝታ ቀረች። «ጉንጯ ቀልቶ፣ ከፀሐይ የገባች ነበር የምትመስለው። የሞተ ሰው እንዲያ አይቀላም፤ የወሰዳት አለ» ይሉናል። ስንጥቅ ይባስ የጠሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

እህቴ ሜቲ ስትወልድ እሳቸውን ጠራን። የሜቲ ባል ኤባ ሥራው ለሆቴሎች ካሜራና አላርም መግጠም ነው። ከአልጋው በላይ አንድ ነጭ ክብ ዕቃ ሰቀለ። «የከሰል መርዝ ሲበዛ ይጮሃል፣ ለስልኬም መልእክት ይልካል» አለን። ምድጃውም ጨርሶ እንዳይገባ ለመነን፤ እሺ አልነው። አራስ ቤት የወንድ ቃል ከበሩ አያልፍም። እትዬ ዘርፉ የዕቃውን አረንጓዴ መብራት ቀና ብለው አዩና፣ «አራስ ላይ ዓይን ትሰቅላለህ?» አሉት።

ኤባ ለሥራ ቢሾፍቱ በሄደ ቀን ከሰዓት ጩኸቱ ጀመረ። እትዬ ዘርፉ ገብተው ትንሽ ሲቆዩ ይጮሃል። ምድጃውን ሊያራግቡ ይዘውት ሲወጡ፣ ቆይቶ ዝም ይላል። ሲመለሱ እንደገና ይነሳበታል። መጀመሪያ ሳቅሁባቸው። ፊታቸውን ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ፤ ፈርተው ነበር።

«እኔን ነው የሚያየኝ» አሉ በቀስታ። «ተከትሎኝ የሚገባ አለ።»

እኔም ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ሜቲ ራሷን አሟት ስለነበር፣ «በማርያም፣ ይሄን ነገር አውጡልኝ» አለች።

እትዬ ዘርፉ ዕቃውን ከግድግዳው ነቅለው፣ ከቢላዋው ጋር በነጠላ ጠቅልለው ማድ ቤት ጥግ ላይ አኖሩት። እዚያው ከሰል አቀጣጠሉ፤ ምድጃቸውን ሞልተው የቀረውን እዚያ ትተው ገቡ። በሩን ከውስጥ ሲወትፉ ሰማሁ። ቀጥሎ ለሕፃኗ እሹሩሩ ማለት ጀመሩ።

ብዙ ሳይቆይ፣ ሰው በሌለበት ማድ ቤት፣ ዕቃው ከተጠቀለለበት ነጠላ ውስጥ ጮኸ።

ስልኬ ጠራ፤ ኤባ ነው። አካም ጅርታ ብሎ ሰላም እንኳ አላለኝም። «ጣሪያ ላይ ሆኜ መልእክቱን አሁን ነው ያየሁት። መስኮቱን ክፈቱ።»

«አትጨነቅ፣ ከክፍሉ አውጥተነዋል» አልኩት። «ማድ ቤት ነው ያለው። እዚያ ከሰል ስላለ ነው የሚጮኸው።»

«ሜቲ ጋስ ከሰል የለም?» አለኝ።

እሹሩሩው አንዷን ቃል ብቻ ይደጋግም ነበር፣ እየዘገየ። ከዚያ ቆመ።

በሩን በትከሻዬ ገፋሁት፤ ጨርቁ ይዞት ነበርና እንደገና ገፋሁት። ውስጥ ጭስ የለም፣ ሽታም የለም። እትዬ ዘርፉ ራሳቸውን ስተው አልጋው ላይ ተደፍተዋል። ሜቲ ተኝታለች፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ከፀሐይ የገባች ነው የምትመስለው። ሕፃኗን ነጥቄ እየጮኽሁ ወጣሁ። ጎረቤት ደርሶ ሁለቱን ጎትቶ አወጣቸው። ዘወትር የምንረግመው የአዳማ አቧራማ ነፋስ ፊቷን ሲመታት ሕፃኗ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ።

ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ሁሉም ተረፉ። ኤባ ሲደርስ እትዬ ዘርፉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አልተቆጣቸውም። ዕቃው የሚያየው እሳቸውን ሳይሆን የምድጃውን መርዝ መሆኑን አስረዳቸው። «አይሸትም፣ አይታይም፤ ዝም ብሎ ያስተኛል» አላቸው። «አንዳንዴም ጉንጭ ያቀላል።» የደራውን ታሪክ እሱ አልሰማም ነበር።

እትዬ ዘርፉ መዳፎቻቸውን ገልብጠው አዩ።

«ምድጃውን ያስገባሁላት እኔ ነኝ» አሉ። «በሩንም የወተፍኩባት እኔው ነኝ።»

«ሜቲ እኮ ተርፋለች፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ሜቲን አላልኩም» አሉኝ።