«በራሴ ክንድ» ያልኩት ቤት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳን። ጾም መሻሬን፣ አማቴን ማማቴን፣ ከጎረቤት ተኳርፌ መክረሜን ሁሉ ተናዝዣለሁ። ተራ ተራውን ኃጢአት ለቅሜ ሳቀርብላቸው አባ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉኛል፣ መስቀል ስሜ እወጣለሁ። ይቺን ግን በጉያዬ ይዣት እገባለሁ፣ በጉያዬ ይዣት እመለሳለሁ። ለምን? ብነግራቸው ስግደት ሰጥተው ይገላግሉኛላ! እኔ ደግሞ መገላገል አይገባኝም። እናንተ ስግደት አትሰጡም፤ ስለዚህ ስሙኝ።

አሰላ ነው፣ በደርግ ጊዜ። የሃያ ሁለት ዓመት ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ ታደሰ የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበር ቀበሌው ከተወረሱት ቤቶች አንዱን አከራየን። ሁለት ክፍል፣ ወለሉ ጣውላ። እኔ ያደግሁት እበት በሚለቀለቅ ቤት ነው፤ የጣውላ አያያዝ በምን ልወቅ? በገባን በሳምንቱ አቧራውን ላጥፋ ብዬ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ጣውላው አበጠ። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ውሃ ሸተተ። በዚያ ላይ የአሰላ ክረምት፤ ታደሰ ከቢሮ ሲመጣ ግማሹን መንገድ በጫማው ይዞት ይገባል። አማቴ ከሲሬ መጡና በሩ ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ እዚህ ነው የሚተኛው?» አሉ። ልጄ ያሉት ታደሰን ነው። እኔማ ከሰውም አልተቆጠርኩ።

አዴ ዲንቄን ያገኘኋት ያኔ ነው። «አዴ» በአርሲ ትልቅ ሴት በክብር የምትጠራበት ነው፣ እንደ እናት። እኔ ታዲያ በአፌ አዴ እያልኩ «አንቺ» ነበር የምላት፣ እናቴን የምታህለውን ሴት። ፈረንጆች ከተማው ውስጥ በነበሩበት ዘመን ቤታቸውን ስትይዝ የጣውላ ነገር ጠንቅቃ የተማረች ናት። የምታጸዳቸው አራት ቤቶች ነበሯት። እኔ ጋ የምትመጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ሐሙስ ነው። ያን ጊዜ የወለል ሰም ከሱቅ ጠፍቶ ነበርና የሻማ ቁራጭ አቅልጣ፣ ከእሳት አውርዳ፣ በላምባ ታለሰልሰዋለች። በጨርቅ ትቀባና አሮጌ ብርድ ልብስ እግሯ ሥር አድርጋ፣ ወገቧን ይዛ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተች ትወለውለዋለች። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ሲተኛ ራሴን እወደው ነበር።

እንዲህ አለችኝ አንድ ቀን፤ «ኢንታላ ኮ፣» ልጄ ማለቷ ነው፣ «የኔ ሥራ አንድ ቀን ነው። ያንቺ አሥራ አራት ቀን። ቤቱን የምታኖሪው አንቺ ነሽ።» አስተማረችኝ። ጠዋት ስትጠርጊ ከጓዳ ጀምረሽ ወደ በር ነው፣ ከበር ጀምረሽ ወደ ጓዳ ከሆነ ቆሻሻውን እንግዳ አድርገሽ ማስገባትሽ ነው። በር ላይ እርጥብ ጆንያ አንጥፊ፣ ጫማ ደጅ ይውለቅ። ጣውላ ላይ ውሃ አይፈስም፤ ጨርቁን ጨምቀሽ፣ ጨምቀሽ፣ ጠብታ እስኪያጣ ጨምቀሽ ነው። ጭቃ ሲገባ እርጥቡን አትነካኪው፣ ይድረቅና በቢላ ጀርባ ይነሳል። ለቁንጫ በየሳምንቱ ስንጥቁን በላምባ ጨርቅ። እኔም አደረግሁ። አልዋሽም፣ እሱን አደረግሁ። የአሥራ አራቱን ቀን ሥራ ሠርቻለሁ። ግን ያለ አንዷ ቀን ያ ቤት ቤት አይሆንም ነበር። ይህን አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግሁት።

ምን አደረግሽ አትሉኝም? ቀበሌው የጽዳት ዘመቻ አወጀ። የሴቶች ማኅበር ኮሚቴ ቤት ለቤት ይዞር ጀመር፤ እኔ ቤት የደረሱት ዓርብ ነው፣ አዴ ዲንቄ በወለወለች ማግስት። ደንግጠው በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ቤቴ የቀበሌው አርአያ ተብሎ ተመረጠ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠኝ፣ ሴቶቹን አስተምሪ ተባልኩ። አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ያንን ሁሉ፣ ጆንያውን፣ ጨርቁን፣ የቢላውን ጀርባ፣ አንድ ሳይቀር እንደ ራሴ እውቀት ዘረገፍኩት። በዚህ ብበቃ ምን ነበረበት? ማንም ሳይጠይቀኝ «ይህን ሁሉ ማንም ሳይረዳኝ፣ በራሴ ክንድ ነው!» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ ለጥቂት ጊዜ በደንብ ያደምቃል።

አዴ ዲንቄ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። እሷም አጨበጨበች። በሐሙሱ ስትመጣ «ጥሩ ተናገርሽ። አልጋ ሥር ግን ረሳሽ» ብላ ሳቀች። በቃ፣ ያ ነው ያለችኝ። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ብርድ ልብሱን ወርውሬ እሄድ ነበር።

ወር ሳይሞላ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጓድ እልፍነሽ፣ አስጠራችኝ። ቤትሽን ሌላ ሴት እንደምታጸዳልሽ ደርሰንበታል፣ እሑድ በጠቅላላ ስብሰባ ታስረጃለሽ አለችኝ። ሠራተኛ መቅጠር ወንጀል ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ የቀበሌው ሹሞች ራሳቸው ሠራተኛ ነበራቸው። እኔ ግን «በራሴ ክንድ» ብያለሁ። ሕዝብ ያታለለች፣ የሰው ጉልበት በዝባዥ ተብዬ ወረቀቱም ቤቱም ሊሄድ ነው። ወደ ቤት ስመለስ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማን ተናገረ? የሚያውቀው ሦስት ሰው ነው። እኔ፣ ታደሰ፣ አዴ ዲንቄ። እኔ አልተናገርኩም። ታደሰ ባሌ ነው። እንግዲህ ማን ቀረ? አራት ቤት የምትገባ ሴት፣ አራት ቤት የምታወራ! ተከዳሁ አልኩ። እንደ እናት አይቻት፣ ከማዕዴ አብልቻት፣ ከዳችኝ። እንዲያ ስል እንባዬ መጣ። የምር አለቀስኩ እኮ፣ ለራሴ አዝኜ።

ጠየቅኋት? አልጠየቅኋትም። ከስብሰባው በፊት በነበረው ሐሙስ መጣች፤ ወለወለች። ሰላምታዋን በግማሽ አፍ መለስኩላት። «ምነው፣ አሞሻል?» ብላ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነካችው። ተንበርክካ የአልጋዬን ሥር ስትወለውል ከኋላዋ ቆሜ የማየው ጀርባዋን ነበር፤ እሑድ የምላትን አሰናድቼ ጨርሻለሁ። በቁጣ ያመለጠኝ ቃል አልነበረም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ወለምታም አይደለም፣ ሦስት ቀን ያበሰልኩት ነው።

እሑድ አዳራሹ ሙሉ ነው። ወንዱም ሴቱም አለ፣ ታደሰ ከፊት ተቀምጧል። እሷንም አስጠርተዋታል። ይህች ሴት ቤትሽ ምን ትሠራለች ተባልኩ። ተነሳሁ። «ምንም አትሠራም። ችግረኛ ናት፣ አዝኜ ነው የማስገባት» አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም እንኳ ውርደት ነው፤ እኔ ግን አላቆምኩም። «ደግሞ እሷ መግባት ከጀመረች ወዲህ ጋቢ ጠፍቶብኛል» አልኩ። ጋቢው ሣጥኔ ውስጥ ነበር። አጣጥፌ ያስቀመጥኩት እኔ፣ የት እንዳለ የማውቀው እኔ፣ ጠፋ ያልኩት እኔ።

አዳራሹ አጉረመረመ። አዴ ዲንቄ ቀስ ብላ ተነሳች። አማርኛው ሁሉ ጠፋባት መሰለኝ፣ በኦሮምኛ አንድ ቃል ብቻ ወጣት። «አና?» እኔን? ማለቷ ነው። እየተሳደበች ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እኔ ወደ ታደሰ አየሁ፤ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ስለኔ አዝኖ መስሎኝ ነበር።

የሰው ቤት ገብታ ለምትሠራ ሴት ስሟ ነው በር የሚከፍትላት። አራቱም ቤት በአንድ ሳምንት ተዘጋባት። እኔ ግን ዳንኩ። ወረቀቱ ከግድግዳዬ አልወረደም። ወሩ ሳያልቅ አዴ ዲንቄ እህቷ ዘንድ ዴራ ወረደች ሲባል ሰማሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ቀበሌ ሱቅ ስኳር ልንቀበል ተሰልፈን ጓድ እልፍነሽ ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለች። ልታጽናናኝ ነው። «ያቺ ሴትዮ እኮ አስቀድመን ብንጠይቃት ጭጭ ነው ያለችው። አይብ ላደርስላት ነው የምገባው፣ ቤቱን የምታጸዳው ራሷ ናት ብላ በዋቃ ማለችልን። የተናገረውማ ባልሽ ነው። ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ‹የኔ ሚስት እጇን ውሃ አይነካውም፣ ሠራተኛ አለኝ› ሲል የሰማው ሰው ነው የነገረን።»

ስኳሩን መቀበሌን አላስታውስም። አዴ ዲንቄ ለኔ ብላ፣ በአምላኳ፣ በሐሰት ማለች። እኔ ደግሞ እሷን በሐሰት ሌባ አልኳት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! ታደሰን ያዝኩት። «ጉራ ነው እንጂ፣ ጨዋታ ነው» አለ። «ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን ዝም አልክ?» «አንቺ ቀድመሽ ተናገርሽ፤ ምን ልበል?» ዓመታት አብረን ኖረናል፣ አንድም ቀን ሙሉ በሙሉ አምኜው አላውቅም። ከዳኝ። ሚስቱ መከራ ውስጥ ስትገባ ጫማውን እያየ ተቀመጠ። ግን እሱ እኔን ቢከዳኝ እሷን የከዳኋት እኔ ነኝ። በሱ ክዳት ውስጥ የኔን ልደብቅ ስንት ዓመት ሞክሬአለሁ፤ የሱ አልበቃም፣ የኔ ይተርፋል።

ዴራ ሄድኩ። ምን ይዤ እንደሄድኩ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ያንን ጋቢ ይዤ ሄድኩ። ይኸው እንግዲህ የኔ ካሣ! በዚያ ሙቀት፣ አውቶቡስ የሚቆምበት መንገድ ዳር ሽንኩርት ዘርግታ አገኘኋት። ሳመችኝ። እሷ ናት የሳመችኝ። ጋቢውን አወጣሁና ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ዳሰሰችው፣ አየችኝ። «ይሄ ነው የጠፋው?» አለች። አዎ አልኩ። «ይሄን ለብሼ አሰላ ብገባ ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። ጋቢውን መልሳ አጣጠፈችውና እጄ ላይ አኖረችው። «በሰው ፊት ያልሽውን በሰው ፊት መልሺው። ሌላ አልፈልግም» አለች። እሺ አልኩ። ማልኩላት።

በቀጣዩ ስብሰባ ሄድኩ፣ ተቀመጥኩ። «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ተባለ። እጄ ጭኔ ላይ ቀረ። የሚቀጥለው ጊዜ አልኩ። የሚቀጥለውም መጣ። ቤቱን ይወስዱብኛል፣ አማቴ ይሰማሉ፣ አርግዣለሁ፣ ልጁ ይወለድ፣ ልጁ ጡት ይተው፤ ምክንያት መቼ አጣሁ? ይባስ ብሎ አንድ ቀን ስለ ጽዳት ድገሚልን ተባልኩና ተነስቼ ደገምኩላቸው። ያን ዕለት አልጋ ሥርንም አልረሳሁም። አፌ ለዚያ ተከፈተ፣ ለሷ አልተከፈተም። ፈሪ ነበርኩ ልበል? ፍርሃትስ ሰበብ ይሆናል። እኔ ያ የሚያበራ ወለል፣ ያ ጭብጨባ ነው የጣፈጠኝ።

ደርግ ወደቀ። ጓድ እልፍነሽ ወዴት እንደገባች አላውቅም። አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የአዴ ዲንቄን የእህት ልጅ አሰላ ገበያ አገኘኋት። አዴ ካረፈች ሁለት ክረምት አልፏል አለችኝ። እኔ ማን እንደሆንኩ አላወቀችም፣ የድሮ ጎረቤት መስያታለሁ። «ነፍሷን ይማረው፣ አንድ ነገር እስክትሞት አልተወችም» አለች፤ «ከአሰላ ሰው በወረደ ቁጥር ‹ቀበሌው ተሰብስቧል ወይ?› ትል ነበር። አዎ ሲሏት ‹ምን ተባለ?› ትላለች። ለምን እንደምትጠይቅ ማናችንም አላወቅንም።»

እኔ አውቃለሁ። ስትጠብቀኝ ነበር። ሽንኩርቷን ዘርግታ፣ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሁሉ እያየች፣ እስክትሞት ጠበቀችኝ።

ይቅር በሉኝ አልልም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፣ ይቅርታውም የናንተ አይደለም። የምለምናችሁ ሌላ ነው። የሰበሰበን ቀበሌ የለም፣ አዳራሹም የለም፣ የሰሙኝም ብዙዎቹ ሞተዋል። እንግዲህ ሌላ ሰው የለኝምና እናንተ ተሰብሰቡልኝ፣ ልነሳና ልናገር። እኔ ዘነበች ነኝ፣ የታደሰ ሚስት። አዴ ዲንቄ ሌባ አይደለችም። ከቤቴ የጠፋ ምንም ነገር አልነበረም። ያን ቤት ያጸዳችው እሷ ናት።