የጋሽ ዋቅቶላ ካሴት

ቴሌግራም ላይ ሠላሳ አንድ ሰዎች ያሉበት ግሩፕ አለን። ኦፔራ የምንወድ የአዲስ አበባ ሰዎች ነን፤ አብዛኞቻችን ከቦሌ እስከ ሰሚት ባለው ሰፈር እንኖራለን፣ ግን በአካል አንተዋወቅም። ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ኣርያም እባላለሁ፤ ቦሌ ውስጥ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለኝ። ኦፔራ እወዳለሁ ስል «ያ ጩኸት?» እያለ የሚስቅብኝ ሰው ብዛቱ! እኔም በበኩሌ እነሱ በሠርግ ላይ በድምፅ ማጉያ ያደነቆሩኝን አልረሳሁላቸውም።

ሕጋችን አንድ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ተረኛው አንድ ቅጂ ይለጥፋል፤ ሁላችንም እኩል እንከፍታለን፤ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ፊደል የሚጽፍ ሰው የለም። ሲያልቅ የድምፅ መልእክቱ ይዘንባል። የዘፈኑን ትርጉም በአማርኛ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጣልያንኛውን ከአባቴ ተማርኩ፣ አባቴ ደግሞ ከሠራበት ጋራዥ። ስለዚህ የሚያስቸግረኝ የፍቅሩ ቃል ነው እንጂ የብሎንና የመፍቻ ስም ቢመጣ ኖሮ አንደኛ ነበርኩ።

ከሁሉም ይበልጥ የምንጠብቀው «ባስ» ብለው የተመዘገቡትን ሰው መልእክት ነበር። ባስ ማለት ወፍራሙ የወንድ ድምፅ ነው። ስማቸውን አናውቅም፤ ድምፃቸው ግን የሸመገለ ሰው ድምፅ ስለሆነ አንቱ እንላቸዋለን። ሌላው ስለ ልብሱና ስለ መድረኩ ሲያወራ እሳቸው ስለ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚናገሩት። «እዚህ ጋ ሳትተነፍስ አለፈች። ትንሽ ቆይታ ትከፍለዋለች፤ ስሙ» ይላሉ። መልሰን ስንሰማው እውነትም ትከፍለዋለች። ከድምፃቸው ጀርባ ሁልጊዜ የመኪና ጥሩምባና «መገናኛ! መገናኛ!» የሚል የታክሲ ረዳት ይሰማ ነበር።

ባለፈው ክረምት «ሶፕራኖ ነበርኩ» የሚል ስም ያላት ሴት ገባች፤ ሶፕራኖ ቀጭኑ የሴት ድምፅ ነው። አምስት ወር ሙሉ ሰምታ ዝም ትል ነበር። ጥር ላይ ግን አንድ ቅዳሜ፣ ተረኛው የለጠፈው ካለቀ በኋላ፣ ሃያ ሰከንድ የሚሆን የራሷን ድምፅ ላከች። ከዚያው ዘፈን አንዲት ሐረግ ነበረች፤ ያለ ሙዚቃ፣ ለራሷ የምታንጎራጉር ይመስል። እኔ መድኃኒት ልሸጥ የቆምኩ ሴት ዓይኔ እንባ ሞላ። ሌላው ሁሉ አመሰገናት። «ባስ» ግን ምንም አላሉም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ በሌላውም ጠፉ።

በሦስተኛው ሳምንት መድኃኒት ቤቴ በር ላይ ረጅም፣ ኮታቸውን እስከ ላይ የቆለፉ ሽማግሌ ቆሙ። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ያወቅኋቸው፤ የመድኃኒት ቤቴን ስም ከግሩፑ ላይ አግኝተውት ኖሯል።

«ስሜ ዋቅቶላ ነው። የምነግረው ሰው ስላጣሁ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አሉኝ።

መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠን አወሩኝ። ጋሽ ዋቅቶላ የወለጋ ሰው ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ግቢ መዘምራን ውስጥ ሲዘምሩ የሰማቻቸው ጀርመናዊት ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ አንድ ካሴት ሰጠቻቸው። ኦፔራ የሚሉት ነገር መሆኑን እንኳ ያወቁት ከዓመታት በኋላ ነው። አዲስ አበባ መጥተው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የማኮብኮቢያ መብራት ሲጠግኑ ሠላሳ ዓመት ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ በስልክ የሚጠራ ታክሲ መንዳት ያዙ። ሰሚት ባለች ትንሽ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ የመዘምራን አሠልጣኝና ሽማግሌ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ዘፈን ኃጢአት ነው። የሚዘፍንም የሚያዳምጥም ያው ነው። ሰውየው ካሴቱን ከመኪናው ወንበር ሥር ደብቀው ኖሩ፤ ኋላም ስልክ ሲመጣ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ጥሪ ዘግተው፣ መንገድ ዳር ቆመው፣ ከእኛ ጋር ያዳምጡ ነበር። «ቋንቋው ስለማይገባኝ ዘፈን አይደለም እል ነበር። አንቺ ትርጉሙን መጻፍ ስትጀምሪ ያም ምክንያት ቀረብኝ» አሉኝ። ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳየው ተውኩት።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በመዘምራኑ ውስጥ ገንዘቤ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ ሃያ አይሞላም። እንዲህ ያለ ድምፅ በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም። ትንፋሽ ግን አታውቅበትም። አንድ ቀን ካሴቱን ከወንበር ሥር አውጥተው ሰጧት። «ቃሉን ተዪው፤ ይቺ ሴትዮ እንዴት እንደምትተነፍስ ብቻ ስሚ» አሏት። ገንዘቤ ዓመት ሙሉ ሰማች። ትንፋሹንም ቃሉንም ተማረችው። ከዚያ አንድ ማታ ቦሌ በሚገኝ ሆቴል ለውጭ እንግዶች ዘፈነች። የቀረጸ ሰው ነበር፤ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሽማግሌዎቹ ዘንድ ደረሰ።

አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው አስጠሯት። አንዱ ጋሽ ዋቅቶላ ነበሩ። ሰብሳቢው «ይህን ዘፈን ከየት ተማርሽው?» ብለው ጠየቋት።

«እጆቿን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ» አሉኝ መሪውን ጨብጠው። «ጠበቀችኝ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። ከኢንተርኔት ነው አለች። እኔም ከአራቱ ጋር ፈረምኩ።»

የተፈረመባት ተግሣጽ ስድስት ወር ነበር። መዘምራን ውስጥ አትቆምም፣ የጌታ እራት አትወስድም፣ የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ጉባኤው ፊት ቆማም ንስሐ ትገባለች። ቆመች፣ ተናዘዘች። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ግን አልተመለሰችም፤ የት እንደገባች የሚያውቅ አልነበረም። የዚያን ቅዳሜ ሃያ ሰከንድ የዘፈነችው እሷ ነበረች።

ተናደድኩ። አንድ ሽማግሌ ሰው ላይ መጮህ ነውር መሆኑን እያወቅሁ ጮህኩባቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። ሲያሳዝኑኝ ደግሞ ክፉ ምክር መከርኳቸው። «ይተዉት በቃ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ስምዎ አለ፣ ባለቤትዎ አሉ። ከራስ በላይ ነፋስ» አልኳቸው።

«ሳልነግራት ከእንግዲህ አላዳምጥም። መዝሙሩም እምቢ ብሎኛል፤ እሑድ አፌን እከፍታለሁ፣ የሚወጣ ነገር የለም» አሉ።

እዚያው መኪና ውስጥ፣ እኔ ስልኩን ይዤላቸው፣ ለብቻዋ መልእክት ላኩላት። ስማቸውን ተናገሩ፣ ካሴቱን ተናገሩ፣ ይቅርታ ጠየቁ። ድምፃቸው ሁለት ቦታ ተቆረጠ። ስለ ትንፋሽ ሲያስተምሩን የኖሩት ሰውዬ መተንፈስ አቅቷቸው አየሁ።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ይዘውት መጥተው አሰሙኝ።

«ጋሼ ዋቅቶላ፣ ግሩፑ ውስጥ የገባሁ ቀን ነው ያወቅሁዎት። ስለ ትንፋሽ እንደዚያ የሚናገር ሌላ ሰው የለም። አምስት ወር ሰማሁዎት። ከዚያ እንዲያውቁኝ ብዬ ዘፈንኩ። ሽማግሌዎቹ የጠየቁኝ ቀን ስምዎን ያልጠራሁት ፈርቼ አይደለም፤ እርስዎ ራስዎ ይናገራሉ ብዬ ነው። በተቀጣሁ በሦስተኛው ወር እናቴ ሞተች። መቃብሩ ላይ መዘምራኑ ሲዘምሩ ተጠግቼ ልዘምርላት ስል በእጅዎ ተመለሺ አሉኝ። ተመልሼ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። መዘመሩ ይቅር፣ አላለቀስኩም እኮ ጋሼ። እስከ ዛሬ አላለቀስኩላትም። ይቅርታ በስልክ አልቀበልም። እኔ ጉባኤ ፊት ቆሜአለሁ። እርስዎም እዚያ ይቁሙ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ጋሽ ዋቅቶላ ከመልእክቱ ሁሉ አንዱ ነገር ገደላቸው። ቀብሩን ያስታውሳሉ፣ የተዘመረውን መዝሙር ያስታውሳሉ፤ እጃቸውን ማንሳታቸውን ግን አያስታውሱም። ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብዙ አዩት።

በዚያው ማታ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አዝመራ ነገሯቸው። የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው፤ ጠንካራ ሴት ናቸው ይባላል። ኋላ ራሳቸው እንደነገሩኝ መጀመሪያ ያሉት «ቅዳሜ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ስልክህ አይመልስም። ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ስንት ዓመት ጾሜብሃለሁ!» ነበር። ቀጥለውም «ዋቅቶላ፣ የሚያሳፍረኝ ካሴቱ አይደለም። ልጅቷ ስታይህ ጠረጴዛ ማየትህ ነው። ሂድና ተናገር» አሏቸው።

ጋሽ ዋቅቶላ ለገንዘቤ «እሑድ ሦስት ሰዓት» ብቻ ብለው ጻፉላት። አልመለሰችም።

እሑድ እኔም ሄድኩ። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ ጴንጤ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ እናቴ ብትሰማ ሌላ ተግሣጽ ቤት ይጠብቀኝ ነበር። አዳራሹ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ኪቦርድ አለ፣ የፕላስቲክ ወንበር አለ፣ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው አለ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጋሽ ዋቅቶላ መዘምራኑ መካከል የኳየር ልብስ ለብሰው ከሁሉም ረዝመው ይታያሉ።

የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ አንዲት ሴት ስለ ልጇ መዳን መሰከረች፤ ሕዝቡ እልል አለ። ከዚያ እሳቸው ወረዱና ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ። «የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች» ሲሉ ሕዝቡ እንደ ልማዱ «አሜን!» አለ። «ከዘጠኝ ዓመት በፊት እህት ገንዘቤን ቀጥተናታል» ሲሉ ጥቂት ሰው አሜን አለ። «ያንን ዘፈን ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ» ሲሉ ማንም ምንም አላለም።

ሁሉንም ተናገሩ። ካሴቱን፣ ፊርማውን፣ የቅዳሜውን አሥር ሰዓት። «እናቷ መቃብር ላይ በእጄ መለስኳት» ብለው ቀኝ እጃቸውን አነሱ። «እሷ ስሜን ደበቀችልኝ፤ እኔ ደግሞ ከስሟ በስተጀርባ ተደብቄ አሠልጣኝ ሆኜ ኖርኩ። በእሷ ላይ የፈረምኩትን በእኔም ላይ ፈርሙ።»

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ተነሥተው «እንነጋገርበታለን፣ ወንድም ዋቅቶላ፤ ወደ ቦታህ ተመለስ» አሉ። እሳቸው የኳየሩን ልብስ አውልቀው፣ አጣጥፈው ወንበር ላይ አኖሩት፤ ከዚያ በመካከላችን አልፈው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ አዝመራ ከፊት ረድፍ ሆነው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ኪቦርዱ ግራ ገብቶት መዝሙር ጀመረ። ያለ ባስ የሚዘመረው መዝሙር ወለሉን ያጣ ቤት መሰለኝ። ዞር ስል በሩ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አይቻት አላውቅም፤ ግን ማን መሆኗን አልጠየቅሁም።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሕዝቡ ቅጥሩ ውስጥ ተኮለኮለ። ጋሽ ዋቅቶላ ወጥተው ሲያዩአት እግሯ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። ገንዘቤ በሁለት እጇ ያዘቻቸው።

«ተዉ ጋሼ፣ ተዉ። ይቅር ብያለሁ። ወደ መዘምራኑ ግን አልመለስም» አለች። ሌላም ልትናገር አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን «እማዬ!» ነበር። ደግማ «እማዬ! እማዬን!» አለች፤ ያ ድምፅ ከጉሮሮዋ ሲወጣ ሦስት መቶው ሰው ወደ እሷ ዞረ። ወይዘሮ አዝመራ ሮጠው አቀፏት፣ የጸሎት ቡድኑ ሴቶች ከበቧት፣ አብረዋት አለቀሱ። ጋሽ ዋቅቶላ ራቅ ብለው ቆመው እንባቸው በኮታቸው ላይ ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ፤ የማላውቃትን ሴት እናት አለቀስኩላት።

ከገበያ የምትመለስ ሴት ድምፁን ሰምታ በቅጥሩ በር አንገቷን አስገባች። ጎመን የያዘ ፌስታል በእጇ ነበር።

«ምነው? ምን ሆነች?» ብላ ጠየቀች።

«እናቷ ሞተውባት ነው» አሏት ወይዘሮ አዝመራ፣ ገንዘቤን ደረታቸው ላይ እንደያዙ።

«ውይ! መቼ?»

ወይዘሮ አዝመራ ጥቂት አሰቡና «ገና አሁን» አሏት። ሴትዮዋ ፌስታሏን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች።