የሰባት ወር ልጅ

«የሰባት ወር ልጅ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። አንድ ነገር ስቸኩል «ምን ታድርግ፣ ከሆድም ቸኩላ ነው የወጣች» ይሉኛል፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ወሯ ሳይደርስ ተወልዳ እስክትሞትብኝ ድረስ።

ሁለተኛውን ሳረግዝ ባሌ ሳንቃ በር የፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት ነውና ፈቃድ አላገኘም። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ስለዚህ አባቴ ከዳባት መጥተው ደባርቅ ሐኪም ቤት አብረውኝ ገቡ።

ሐኪሟ «በዘራችሁ ያለጊዜው የተወለደ አለ?» አለች። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ዘር ሲባል ትዳሬ የተጠረጠረ መሰላቸው። የእኔንና የባሌን ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩላት ጀመር።

«አይገናኙም! እኔው ቆጥሬ ነው ያጋባኋቸው!»

ኧረ በስመ አብ! ሐኪሟ ሳቀች።

«እሱን አይደለም አባ፤ ወሩን ሳይጨርስ የተወለደ ማለቴ ነው።»

«እኔ አለሁ!» አልኩ፤ ምላሴ መች ያርፋል። «የሰባት ወር ልጅ ነኝ።»

ሐኪሟ ሳቋን ተወች። ያለጊዜዋ የተወለደች ሴት እሷም እንደዚያው የመውለድ ዕድሏ ከፍ ይላል አለች። የግድ ግን አይደለም። «ከዘር ካልሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን» አለች። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ታዲያ ምን ልሁን? ግራ ገባኝ።

«ልጄን የገደላት የእኔ ደም ነው ማለት ነው?» ብዬ አለቀስኩ።

አባቴ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩ። ከዚያ ወለሉን እያዩ «ይቺ ልጄ ወሯን ጨርሳ ነው የተወለደችው» አሉ።

«አባ! ምን ነካዎት? በተጋባችሁ በሰባተኛው ወር አይደል እንዴ የተወለድኩት?»

«እሱስ ልክ ነው።»

ሐኪሟ ሌላ ምርመራ አዘዘችልኝ።

መናኸሪያው እስክንደርስ አልገባኝም። ወሬን ከጨረስኩ የተፀነስኩት ከሰርጉ በፊት ነው ማለት ነው። አባቴ ያገቡት ዲያቆን ሳሉ ነው፤ ከሰርጉ በፊት ሴት ያወቀ ዲያቆን ደግሞ ቄስ አይሆንም። ወይ ጉድ! በሆዴ ላለው ልጄ ደስ አለኝ፣ በደስታዬ አፈርኩ፣ በደበቀችኝ እናቴ ተናደድኩ፣ ወዲያው አሳዘነችኝ። ወይስ እኔን ለማጽናናት ዋሽተው ይሆን? ልጠይቃቸው ስል «መኪናው እንዳያመልጠኝ» ብለው ገቡ።

እሑድ ዳባት ሄድኩ። ቅዳሴው ሲጀመር ከካህናቱ መሐል ፈለግኋቸው፤ የሉም። ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን እንደ ማንም መስቀለኛ አጣፍተው፣ ከምእመናኑ ጋር ቆመዋል።

ሲያልቅ እንደ ልማዴ መስቀላቸውን ልሳለም ጠጋ አልኩ። እጃቸው ባዶ ነበር።