የሐኪም ቤት ግርዛት

ልጄን በስምንተኛው ቀን የገረዘው ሐኪም ነው። ጎንደር ከተማ ነርስ ስለነበርኩ ሥራውን አውቀዋለሁ፤ ማደንዘዣ ይወጋል፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ራሱ ሟሙቶ በሚጠፋ ክር ይሰፋል። ለገጠሩ ገራዥ አንድ ምላጭ ይበቃዋል፤ ቶሎ ይጨርስና ቅቤ ቀብቶ ይሄዳል። ብዙው ልጅ ደህና ይሆናል። ደሙ አልቆም ብሎ እኛ ዘንድ የመጣውንም በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ በልጄ ላይ ምላጭ የሚባል ነገር አይታሰብም ነበር።

አማቴ ለክርስትናው ከእንፍራንዝ መጡ። አንድ ልጃቸው፣ የኔ ባለቤት፣ ኤርትራ ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ከርሟል። ሕፃኑን ሲያጥቡ አገላብጠው አዩትና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምነው ግማሹን ተዉት? ይህ ልጅ መች ተገረዘ!»

ሐኪም ቆዳ የሚቆጥበው አውቆ ነው ብዬ ባስረዳ፣ ወይ ፍንክች!

«አባቱን ሸጋ አርጎ የገረዘው ሽማግሌ ዛሬም አለ» አሉኝ።

«እኔ በቁሜ አይሆንም!» አልኳቸው። ሕፃኑን መልሰው ሲጠቀልሉት ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። መቅረት ጣጣ ስለሚያመጣ ልጁን ለእሳቸው ትቼ ሄድኩ። ዘግይታ የገባች ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ከእንፍራንዝ የመጡ ገራዥ አራዳ ገበያ ላይ ቤታችሁን ሲጠይቁ መንገድ አሳየኋቸው» አለችኝ፤ ደግ የሠራች መስሏት። ብድግ አልኩ። በር ላይ የቆመው ጠባቂ ሳያልቅ መውጣት የለም ብሎ በጠመንጃው ጋረደኝ። ጡቴ ፈሶ ቀሚሴን ማራሱን ሲያይ ግን አፈረና ዞር አለልኝ። ሮጥኩ።

መንገዱን ሁሉ ለአማቴ የምላቸውን ስድብ ሳዘጋጅ ነበር። ስገባ ሽማግሌው የለም። ልጁ እሳቸው ጭን ላይ ተኝቷል። ነጥቄ መጠቅለያውን ፈታሁት፤ ምንም አልሆነም። ልጁን እንዳቀፍኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሽማግሌው አልነካውም» አሉ አማቴ። «እግሩን ስይዝለት ጮኸ። አባቱንም ሲገርዘው የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ልክ እንዲህ ነበር የጮኸው።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«አያ፣ ተወው፣ ሂድ አልሁት። አባቱን ለጦር ሰጥቻለሁ፤ ይህንንስ ለማንም ይዤ አልሰጥም።»