ጫማ የሚያስወልቀው ካባ

አዋሽ አጠገብ ጥጥ እርሻ ጸሐፊ ሆኜ የተቀጠርኩ ሰሞን፣ ለባቡር ሐዲድ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ካባ የአትክልት ቦታ ሆኗል ሲሉኝ አላመንኩም። ሄጄ አፋፉ ላይ ስቆም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በዚያ ሐሩር፣ ጥቁሩ ገደል ከዳር እስከ ዳር ብርቱካን፣ ዘምባባና ጽጌረዳ ሞልቶበታል።

ስወርድ አትክልተኛው ሐጂ እንድሪስ፣ የዱሮ ድንጋይ ፈላጭ፣ «ጫማህን አውልቅ» አሉኝ። የተቀደሰ ቦታ መስሎኝ አውልቄ አማተብኩ።

«አገርህ የት ነው?»

«ደብረ ማርቆስ። አሁን ከዚያው መምጣቴ ነው።»

ጫማዬን ተቀብለው አንዲት ችግኝ ሥር አራገፉት። ሶሉ ላይ የደረቀውን ጭቃ ሳይቀር በጩቤ ፋቁት።

«ሐጂ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እዚህ ድንጋይ እንጂ አፈር አልነበረም ልጄ። ከባቡር የወረደውን ሰው ሁሉ ጫማ ሳራግፍ ወላሂ ሃያ ዓመቴ።»

ቁልቁል ባይ፣ ባዶ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አፈር ውስጥ ገብቷል።