የሐዲድ ዳር አጥኚ

ልብስ ሰፊዋ አጥኚውን የናቀችው ገና ከበር ሲገባ ነው። የባቡሩ ምልልስ ከበዛ ወዲህ የሐዲድ ዳር ሰው እንዴት እንደሚኖር ላጥና ብሎ መጥቶ፣ ወንበሯን በመሀረብ ጠረገና እሾህ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ጠርዙ ላይ ተቀመጠ።

«እናንተ ሰዎች ይሄን መንቀጥቀጥ እንዴት ቻላችሁት?» አላት ከንፈሩን እየመጠጠ።

«ምን እናድርግ ብለው ነው፣ ጌታዬ!» አለች ንቀቷን ዋጥ አድርጋ፤ ሻይም አቀረበችለት።

የመስኮቱ መስታወት ይርገፈገፍ ጀመር። ባቡሩ ገና ሩቅ ነው። ሰውየው ግን ሳይታወቀው ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ብድግ አድርጎ፣ ከጣሪያው የሚረግፈው አቧራ እንዳይገባበት በመዳፉ ከደነው። ይህን ሐዲድ ዳር ካደገ ሰው በቀር ማንም አያደርገውም።

ባቡሩ እስኪያልፍ ጠበቀችና አንቱታውን እርግፍ አድርጋ ተወችው።

«ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?»